ማሽን የሌለበት አዳራሽ

ስለ ወደፊት የሚጠይቀኝ ሰው አልወድም። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ወገቤን ያመኛል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ቡና መቀሸሪያ ማሽን አጠገብ ቆሜ የቡና ገለፈት ስውጥ ነው የምውለው። የባንዳችን ዘፋኝ ሩሐማ ግን ያን ቅዳሜ ከቴፒ ወደ ሚዛን መጥታ ከሚኒባስ እንደወረደች፣ ቤዝ ጊታሯን በጀርባዋ እንዳዘለች፣ ገና ሰላም ሳትለኝ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ጋሼ ማቴ፣ አንብበው!»

አነበብኩት። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች የሜታል ሙዚቃ ኮንሰርት ሊያዘጋጁ ነው፤ ስምንት ባንድ ይመርጣሉ። እኛን ያውቁናል። «የሚዛኖቹ ዝግታ» ይሉናል፤ ዘፈናችን መሀል ላይ እየከበደ፣ እየተጎተተ፣ ሊሞት ሲል የሚነሳበትን ነገር ማለታቸው ነው። ቴሌግራም ላይ የሚከታተሉን አርባ አንድ ሰዎችም የሚወዱልን እሱን ነው። «የአገራችን አንደርግራውንድ ሜታል ወደፊት የሚሄደው በዚህ በኩል ነው» ብሎ የጻፈም አለ፣ ምስኪን። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ዘፈን ቀድታችሁ እስከ ሰኞ ላኩልን፤ እባካችሁ ግን ከኋላ የሚጮኸው የማሽን ድምፅ አይኑርበት።

የማሽኑ ነገር እንዲህ ነው። ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። እኔ ጊታር፣ ሩሐማ ቤዝና ድምፅ፣ ቤኪ ድራም። ሩሐማ ቴፒ ባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿ ቅዳሜ ከሰዓት እንደዚያ ስታገሳ ቢያዩዋት ሰኞ ክፍል የሚገባ አይገኝም። ቤኪ እዚሁ ሚዛን ሞተር ሳይክል ይጠግናል። መጀመሪያ የምንለማመደው እሱ ቤት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቶቹ ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ አንዷ ሴትዮ እንደውም ጋኔን ልታስወጣልን ዘይት ይዛ ነበር። ምን ይደረጋል፣ እኔም ጊታር የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ነውና አልፈረድኩባትም። ከዚያ የቡና መቀሸሪያው ባለቤት አቶ ዓባይነህ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ «ማሽኑ እስከሠራ ድረስ እዚያ የፈለጋችሁትን ጩኹ፣ ማን ይሰማችኋል?» አለን። እውነቱን ነው። ያ ሞተር ሲነሳ የግቢው መሬት ይንቀጠቀጣል። እኔ ጀንፈሉን፣ ገና ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ በጆንያ እገለብጥለታለሁ፣ ሮጬ ጊታሬን አነሳለሁ፣ ማሽኑ ቡናውን ከልባሱ እስኪለየው እንጫወታለን፣ ከዚያ ደግሞ እገለብጣለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ጆሮዬን የበላውም ያ ማሽን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላቴ ውስጥ ፉጨት ጀመረኝ፤ ቀን የለ፣ ማታ የለ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ማዳመጫ አድርጎልኝ ብዙ ነገር ካስጮኸ በኋላ «ቀጭን ድምፅ አብዛኛው ጠፍቶብሃል፣ የቀረህን ለማትረፍ ሥራህንም ሙዚቃህንም ተው» አለኝ። ሥራ ተው! ማን ሊቀልበኝ ነው? ባለቤቴ አጸደ እንኳ ሳልነግራት ነው ያወቀችው፤ ቴሌቪዥኑን እስከየት እንደማስጮኸው ታያለቻ። ለቤኪና ለሩሐማ ግን ትንፍሽ አላልኩም። የቀረኝ ነገር ጊታሩ ነዋ! ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው እነዚያን ሁለት ሰዓታት ነው። ጊታሩን ከነጠቁኝ እኔ ገለፈት የሚጠርግ ሰውዬ ነኝ፣ አለቀ። ደግሞም ዘፈኖቹን በእግሬ አውቃቸዋለሁ፤ ምቱ ከመሬት ወደ ጉልበቴ ይመጣልኛል። ማን ያውቅብኛል ብዬ ነበር።

ስልኳን መለስኩላትና «ተይው» አልኳት። «ወዴት ነው የሚሄደው ይሄ ነገር? አዲስ አበባዎቹ ሁሉንም በላፕቶፕ ይጨርሱታል። እኛ ስንሞት የእኛው ሙዚቃ አብሮን ይቀበራል።»

«እንደ እኛ በአገሩ ቋንቋ፣ በቤንችኛ የሚጮህ ሌላ ባንድ ጥራልኝ እስቲ! የለም እኮ ጋሼ። ወደፊት ያለው እዚህ ቢሆንስ?»

«ወደፊት ሚዛን አይገባም፤ መንገዱ ይከብደዋል።»

አልሳቀችም። «ስድስት ዓመት ለጆንያ ዘፍነናል» አለች። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ሰው ፊት ብቆም ምን አለበት?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሺ አልኳት፤ እሺ ስል ግን ውስጤ ፈርቶ ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ቤኪ ከአምልኮ እንደወጣ፣ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ ቴፒ ወረድን። ሩሐማ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አስፈቅዳ ነበር። ሙቀቱ አይጣል ነው። የሲሚንቶ ወለል፣ የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሌላ ምንም የለም። እነሱ «እንዴት ጸጥ ይላል!» እያሉ ተደነቁ። ለእኔ ፉጨቱ ብቻ ነበር።

ሩሐማ ላፕቶፗን ከፈተች። ቤኪ ዱላዎቹን አጋጭቶ ቆጠረ፤ እኔ አፉን አይቼ ገባሁ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ደህና ነበረች። ከዚያ እግሬ መሬቱን ፈለገ፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቀና ስል ቤኪ አንድ ቦታ፣ ሩሐማ ሌላ ቦታ፣ እኔ የት እንዳለሁ እግዜር ይወቀው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት ቤኪን።

እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ተበታተነ። ሦስተኛው የባሰ ነበር። ደሜ ፈላ።

«ማሽን ለምደህ፣ ማሽን ካልነዳህ መራመድ አቃተህ አይደል? ድራመር መስለኸኝ ነበር፣ ለካ ተጎታች ነህ! ሂድና ብሎንህን አጥብቅ፣ እሱ ነው የሚያዋጣህ። የዚችን ልጅ ዕድል ልታበላሽ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ በቃ» አለች ሩሐማ። ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

ቤኪ ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ተናዶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን በደንብ ወደ እኔ አዞረና እያንዳንዱን ቃል ለይቶ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ማቴ፣ እኔ ማሽኑን ተከትዬ አላውቅም።»

«እና ማንን ነበር የምትከተለው?»

«አንተን።»

«እንዴት?»

«ጀንፈል ሲበዛበት ማሽኑ ያቃስታል፤ ይዘገያል። እሱ ሲዘገይ አንተም ትዘገያለህ፤ ሲለቀው አንተም ትነሳለህ። እኔን መስማት ካቆምክ ሁለት ዓመትህ ነው። እኔና ሩሐማ ተነጋገርን፤ እሱ እኛን መከተል ካልቻለ እኛ እሱን እንከተለው ተባባልን። ዛሬ ማሽን የለም። የምትይዘው ነገር አጣህ።»

ጉድ ነው! የሚዛኖቹ ዝግታ፣ ሰው ሁሉ ያደነቀው፣ ወደፊት እሱ ነው የተባለለት፣ ጆንያ የበዛበት ማሽንና አንድ ደንቆሮ ነበሩ። መሳቅ አማረኝ፤ ግን አልመጣልኝም። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ያን ሁሉ ስድብ ያወረድኩት ሁለት ዓመት ተሸክሞኝ በኖረ ሰው ላይ ነው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከንም?» አለች ሩሐማ። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «ብንነግርህ ጥለኸን ትሄድ ነበር፤ አውቅሃለሁ። ካንተ ጋር ካልሆነ አንልክም። ማሽኑ ጋ እንመለስ፣ እንደድሯችን እንሁን» አለች።

ከልቧ ነው። ትናንት እንባ ያቀረረላትን ነገር ለእኔ ስትል ልትጥለው ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ሲመጣብህ የት ትደበቃለህ? የዚያን ሰዓት ድካሙ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ፤ የስድስት ዓመቱ ጆንያ፣ የሁለት ዓመቱ ውሸት። ጊታሬን ከትከሻዬ አወረድኩና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ደክሞኛል» አልኳቸው። «ድምፅ የሚያሻክረውን ፔዳሌን ወስደሽ ቤዝሽ ላይ ሰኪው። ሁለታችሁ ሞክሩት።»

«ጊታር ሳይኖር? ሜታል?»

«ሞክሩት ስላችሁ! እንደ ልባችሁ ግን። እኔን እንዳታዩኝ።»

እውነቱን ልናገር? እንዲበላሽ ነበር የምመኘው። መሀል ላይ ተበታትኖባቸው «ጋሼ፣ ያላንተ አይሆንም» እንዲሉኝ ነበር። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ እሱን ስጠብቅ ነበር።

ቤኪ ቆጠረ። የሩሐማ ቤዝ በወንበሩ እንጨት ወጥቶ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። መሀል ላይ ደረሱ፣ እኔ የምጎትትበት ቦታ። አልዘገዩም። ቤኪ እንደውም ጨመረ። እጆቹ አልለይ አሉኝ። ሩሐማ አንገቷን ደፍታ ስታገሳ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፤ ቃሉ ባይሰማኝም ምን እንደምትል አውቀዋለሁ፣ አያቶቻችን ጫካ ሲመነጠር የሚሉት ነው። ቤኪን ሳየው ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑ ከእግሬ ላይ ተነስቶ አያውቅም፤ እኔ ሞኙ፣ ሥራውን አጥብቆ የያዘ መስሎኝ ነበር። አሁን ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። ሲጫወት ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጨረሱ። ሁለቱም ያለከልካሉ። ላብ በላብ ሆነዋል። ሩሐማ ላፕቶፑን አየች፤ ሳታጠፋው ኖሮ ሁሉንም ቀድቶታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ለምጄዋለሁ። «ያለ እኔ ይሻላል» አልኳት።

ጠበቅኩ። ሩሐማ ወለል ወለሉን አየች። ቤኪ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ኧረ አይደለም» ያለኝ የለም።