ያለ እትዬ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው

ቀለም ሻጩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቲነሩን፣ ቫርኒሹን፣ ኮላውንና የባትሪ አሲዱን ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እያጨቀ ሲኖር፣ አንድም ቀን ፈቃድህን አሳይ ያለው ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ደንብ አወጣ። አደገኛ ዕቃ የሚያከማች ነጋዴ ሁሉ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። ደንቡ ሱቁ በር ላይ ሲለጠፍበት፣ ቀለም ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግቶ አነበበ። የእሳት ማጥፊያ፤ እሺ። ሁለት ባልዲ አሸዋ፤ ይሁን። አሲድና ቲነር ለየብቻ ይቀመጡ፤ ምን ገዶኝ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ቅጭም አለ። የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደ የደህንነት ኃላፊ ያስፈልጋል ይላል።

«ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ቤት ልግባ? በዚህ ዕድሜዬ?» አለ ለራሱ።

ዕድሜው አምሳ አራት ነው። ታላቅ እህቱ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው። እሷን ደግሞ እሱም ጎረቤቱም «እትዬ» ይሏታል። እትዬ ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ከሱቁ ጀርባ ከወንድሟ ጋር ትኖራለች። ከጠዋት እስከ ማታ መጋዘኑ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ሲያልቅ ትፈታውና እንደገና ትጀምራለች።

ቀለም ሻጩ ዘወር ሲል ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። ከዚህ የቀለለ ነገር ከየት ይመጣል? ፎርሙ ላይ ስሟን ሞላ።

«ሄደሽ ቁጭ ማለት ብቻ ነው፤ ወረቀቷን ሰጥተው ይሸኙሻል» አላት።

እትዬ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደብተር ሞልታ መጣች። በሁለተኛው ቀን ምሳዋን ሳትበላ ወደ መጋዘኑ ጣሪያ አንጋጣ ስትመለከት ዋለች፤ ራሷንም ደጋግማ ነቀነቀች። በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀቷን በብብቷ ይዛ፣ ቢጫ የፕላስቲክ ቆብ ደፍታ ከች አለች። ከአርባ ሠልጣኝ አንደኛ ወጥታለች።

በማግስቱ ቀለም ሻጩ ለአንድ አናጢ ቲነር ሊያወጣ ወደ መጋዘኑ ገባ፤ ሊገባ ነበር ማለት ይሻላል።

«ቁም!» አለች እትዬ።

«ምን ሆንሽ?»

«ኪስህን አራግፍ።»

የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ስልኩን አወጣ። ቁልፉን አወጣ። ከዚያ ላብ አጠመቀው፤ ምክንያቱም የቀረው ላይተርና ግማሽ ፓኮ ሲጋራ ነው። ማጨሱን ከተወ አሥራ አምስት ዓመት እንደሆነው እየማለ ሲነግራት ኖሯል።

«ተውኩ አላልከኝም?»

«እየተውኩ ነው።»

«እንኳን ቲነሩ አላወቀህ!» ሲጋራውን ወስዳ አሸዋ ባልዲው ውስጥ ቀበረችው። ቀና ብላም ደረቱን አየች። «ሸሚዝህ ናይለን ነው። ሲፋተግ ብልጭታ ያወጣል። አውልቅ።»

ቀለም ሻጩ በካናቴራ ገብቶ በካናቴራ ወጣ። አናጢው ቲነሩን ተቀብሎ፣ ዞር ብሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተዳረሰ። ብሩሽ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ባለሱቁን በካናቴራ ለማየት ብሩሽ መግዛት ጀመሩ።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ቀጭን፣ ክራቫት ያሰረ፣ ፀጉሩን ቅባት ያጠገበ፣ የሽቶው ጠረን ቀድሞት የሚደርስ ሰው ነበር።

«እማማ፣ ይክፈቱልኝ» አለ ፈገግ ብሎ።

«እግርህን አንሣ።»

«ምን አሉኝ?»

«ጫማህን ልይ።» እንደ ፈረስ ኮቴ ቀና አድርጋ አየችው። «ሚስማር አለው። ሲሚንቶ ላይ ሲፋጭ እሳት ነው። አውልቅ።»

ተቆጣጣሪው ሳይወድ በግድ አወለቀ። የግራ እግሩ አውራ ጣት ከካልሲው ብቅ ብሎ ሁሉንም ታዘባቸው። ቀጥሎ ስልኩን አስረከበ፤ ክራቫቱን ፈታ። አሁንስ ጨረስኩ ብሎ ሊገባ ሲል እትዬ አንገቱን ጠጋ ብላ አሸተተችው።

«ሽቶ ተቀብተሃል። ሽቶ አልኮል ነው። ፀጉርህ ላይ ደግሞ ዘይት አለ። የኔ ልጅ፣ አንተ ራስህ ተቀጣጣይ ዕቃ ነህ። አንቀጽ ዘጠኝ፤ ተቀጣጣይ ዕቃ ያለ ክዳን አይገባም።»

«አንቀጽ ዘጠኝን የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ጽፈህ ረሳኸው?»

ተቆጣጣሪው ጫማውን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። በር ላይ ቆም ብሎ፣ ምርመራ ካልተደረገ ፈቃድ እንደሌለ፣ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ዓርብ ሱቁ እንደሚታሸግ ተናገረ። ለንግግሩ ክብደት ሊሰጠው ፈልጎ ነበር፤ አውራ ጣቱ ግን አልተባበረውም።

ቀለም ሻጩ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ። «እትዬ፣ ልታስዘጊኝ ነው እንዴ? ወረቀቷን ያዢ አልኩሽ እንጂ ማዘጋጃ ቤቱን አባርሪ አልኩሽ?»

እትዬ ቆቧን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ማሙሽ፣ ሁለት ዓመት እዚህ ቁጭ ብዬ ምንም የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። «ሹራቡን እንኳ ለማን ነው ያለኝ የለም። አሁን አንድ ነገር በደንብ አወቅሁ። እዚያ በርሜል ጎን የምትተኛው ደግሞ አንተ ነህ፤ አልጋህ ከግድግዳው ማዶ ነው። አጣምሜ እንድሠራው አትለምነኝ።»

ቀለም ሻጩ አልጋው የት እንዳለ አስቦበት አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ገበያ ወርዶ አራት የጥጥ ሸሚዝ ገዛ። በዚያው ማዘጋጃ ቤት ጎራ አለና ተቆጣጣሪውን እንዲህ አለው፦ «ወንድሜ፣ እኔም በካናቴራ ነው የምገባው። ታጥበህ ና፤ ሌላ መንገድ የለም።»

ዓርብ ዕለት ተቆጣጣሪው ከአለቃው ጋር መጣ። አለቃዋ ግዙፍ፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት፤ ነገሩን ሰምታ በዓይኔ ካላየሁ ብላ ነው የመጣችው። ተቆጣጣሪው በተራ ሳሙና ታጥቧል። ከፒጃማ ሌላ ጥጥ የሆነ ልብስ ስላልነበረው የለበሰው ሰማያዊ ባለ መስመር ፒጃማ ነው፤ እግሩ ላይ የላስቲክ ነጠላ ጫማ። እትዬ ዞረችው፣ አሸተተችው፣ ኪሱን ዳሰሰችው።

«አሁን ሰው ሆንክ» አለችና በሩን ከፈተች።

ውስጡ ሌላ ነው። አሲዱ በአንድ ጥግ፣ ቲነሩ በሌላ ጥግ፣ በመሃል ሰው እንደልቡ የሚያልፍበት መንገድ። እያንዳንዱ በርሜል ላይ በደማቅ ቀለም ተጽፏል፦ «ይህ ይነዳል»፣ «ይህ ቆዳ ይልጣል»፣ «ይህን ማሽተት ያዞራል፤ ማሙሽ፣ አንተን ነው»።

ተቆጣጣሪው ጥያቄውን ሁሉ ጠይቆ መልሱን ሁሉ አገኘ። ሲጨርስ እትዬ በተራዋ «አሲድ እጅህ ላይ ቢፈስ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«እ… በጨርቅ ጠረግ አድርጌ…»

«ቆዳህን ተሰናበተው! በብዙ ውሃ ነው፤ ሳታቋርጥ።»

አለቃዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሲበርድላት ማህተሙን ከቦርሳዋ አውጥታ ፈቃዱ ላይ እዚያው መታች። ከዚያ እትዬን ወደ ጎን ወሰደቻት። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሥልጠናውን ፈተና ያለፈ አንድም እንደሌለ፣ ደንቡን የጻፈው ሰው ሳይቀር እንደወደቀ በሹክሹክታ ነገረቻት። «ከኛ ጋር ቢሠሩስ?» አለቻት።

እትዬ ወደ ወንድሟ ዞረች። ቀለም ሻጩ የአዲሱን ሸሚዝ ቁልፍ እየነካካ ቆሞ ነበር።

«ሂጂ እንጂ፤ ምን ታዪኛለሽ?» አላት። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ቲነሩ ነው አለ።

እትዬ ሥራውን ተቀበለች፤ የሱቁም ኃላፊነት ግን ከእጇ አልወጣም። መጋዘኑ የሚከፈተው ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊትና ስትመለስ ብቻ ይሆናል፤ ደንበኛው ሁሉ ሰዓቷን ይልመድ። ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሊወስዳት መጣ። የመጀመሪያ ሥራዋ ሳሙና ፋብሪካ ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረች፤ መኪናው ተነሣ። ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ ቆመ። እትዬ ወርዳ፣ አጎንብሳ፣ የኋላውን ጎማ በጣቷ ተጫነች፤ ሾፌሩም ነፋስ መሙያውን ፍለጋ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፍት ቀለም ሻጩ ከሱቁ በር ላይ አየ።