አባዬ መርጦ የገዛቸው ፓኔሎች

አባዬ ሶላር መግዛቱን የነገረኝ ገዝቶ፣ አሰቅሎና ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ካሳየ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢያማክረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ግን አባዬ ሰው ማማከር አይወድም። እማዬ "እኔንም ያገባኝ ሳያማክረኝ ነው" እያለች ትቀልድበታለች።

"ስምንት ፓኔል" አለኝ በስልክ፣ ድምፁ ከደስታ ብዛት እየተንቀጠቀጠ። "ስምንቱም ያንቺ ናቸው።"

"የኔ ማለት?"

"ያንቺ ነዋ! ጀርባቸው ላይ ቁጥርሽ አለ። አስራ አራት! አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ነው የመረጥኳቸው።"

እሰይ ማለት ሲገባኝ "ከየት ሱቅ?" አልኩት። ነገረኝ። ያ ሱቅ ዕቃውን ከእኛ መቼ እንደጫነ አውቃለሁ። አጠገቤ የነበረው ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ።

የምሰራው ሶላር ፓኔል የሚገጣጥም ፋብሪካ ውስጥ ነው። በአገሩ የመጀመሪያው ተብሎ ሲከፈት ሪባን ተቆርጧል፣ ንግግር ተደርጓል፣ እኔም ከኋላ ቆሜ እጄ እስኪላጥ አጨብጭቤያለሁ። ለይምሰል አልነበረም። በመርከብ እየመጣ የምንገዛውን ነገር በገዛ እጃችን ልንሰራው ነው ሲባል እንባዬ መጥቶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአውቶቡስ መስኮት የማየው ጣሪያ ሁሉ ፓኔል ለበሰ። ፀጉር ቤቱም፣ ጋራዡም፣ መድኃኒት ቤቱም ሰቀለ። እኔም አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እየነካካሁ "እነዚያ የኛ ናቸው" እላለሁ፤ ሰውየው ደግሞ እብድ ናት ብሎ ቦርሳውን ጠበቅ ያደርጋል።

ቦታዬ መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፀሐዩን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ስስ ሴሎች በማሽን ተበይደው፣ መስታወት ለብሰው፣ ምድጃ ገብተው ከተጣበቁ በኋላ ወደኔ ይመጣሉ። እኔ ጨለማ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ኤሌክትሪክ እለቅባቸዋለሁ፤ ካሜራው ፎቶ ያነሳል። ጤነኛው ሴል ፎቶው ላይ ያበራል፤ የተሰነጠቀው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነው፣ እኛ "ፀጉር" እንለዋለን። ከሁለት ፀጉር በላይ ያለው ፓኔል አይወጣም፤ ያለፈው ጀርባው ላይ የመርማሪው ቁጥር ይታተምበታል። የተቀጠርኩ ሰሞን ለአባዬ ደውዬ "ያለ እኔ ቁጥር፣ ያለ አስራ አራት፣ አንድም ፓኔል ከዚህ በር አይወጣም!" ብዬ ጉራዬን ነዝቼበታለሁ። ውሸቴን ነበር። ከእኔ ጋር በፈረቃ የምትሰራ ሌላ መርማሪ አለች፤ ግማሹን የምታትመው እሷ ናት።

የብየዳው ማሽን ክንድ የተበላሸው አባዬ ከመግዛቱ ሁለት ወር በፊት ነው። ሴሎቹን ከሚገባው በላይ እየተጫነ ይበይድ ጀመር። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባለ፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። ፎቶዎቹን ሳይ ፓኔል አልመስል አሉኝ፣ የደረቀ ጭቃ ነበር የሚመስሉት። የፈረቃ ኃላፊያችንን ጠራሁት። ከአፉ "ጭነት" የምትል ቃል ስለማትጠፋ በሌለበት ጭነት ነው የምንለው።

"ሃያ ፀጉር ያለው አለ" አልኩት።

"አሁን ይሰራል አይደል?"

"አሁንማ ይሰራል። ግን ቀን እየሞቀ ሌሊት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ፀጉሩ ይረዝማል። ዓመት አይቆይም።"

"እህቴ፣ እኔ ደስ ብሎኝ መሰለሽ?" ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። "ይሄ ጭነት በቀኑ ካልወጣ ገበያውን ከውጭ የሚያስመጡት ይወስዱታል። ያኔ አንቺም የለሽ፣ እኔም የለሁም፣ ፋብሪካ የሚባል ነገርም የለም። እባክሽ አትሚው።"

ሌላዋ መርማሪ ጓደኛዬ ማህተሟን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ "ቢፈልጉ ያባርሩኝ" ብላ የዓመት ፈቃድ ወጣች። እኔ የእሷ ወኔ የለኝም። በሁለቱም ፈረቃ እየገባሁ ሁለቱን ሳምንት ብቻዬን አተምኩ። የሚገዛውን ሰው ላለማሰብ የማላንጎራጉረው ዘፈን አልነበረም። እንግዲህ አባዬ ሱቅ ገብቶ የልጁን ቁጥር ሲፈልግ ያገኘው ያንን ነው።

እሁድ ሄድኩ። እማዬ መስኮቱ አጠገብ፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጣት ማሽን ጎን ተቀምጣለች። ሳንባዋ ከተጎዳ ሶስት ዓመት ሆኗታል፤ ቀኑን ሙሉ ያለዚያ ማሽን መሆን አትችልም። መብራት በሳምንት ሶስት ቀን ይጠፋል። እስከዚያ ድረስ ጄኔሬተር ነበራቸው፤ ጭሱ በበሩ ስር እየገባ የደከመ ሳንባዋን ጭራሽ ይፈጀው ነበር። አባዬ እሱን ሸጦ ነው ፓኔሎቹንና ባትሪውን የገዛው።

"ስሚ እስቲ" አለችኝ እማዬ። ጆሮዬን አቀናሁ። "ምን?"

"ምንም የለማ! ያ ጄኔሬተር ጆሮዬን አደንቁሮት የአባትሽን ነዝናዛነት ረስቼው ነበር። አሁን ሁሉም ይሰማኛል።"

ሳቀች፤ ስትስቅ አላሳላትም። ለስንት ጊዜ ስትስቅ ሳል እየቀደማት ኖራለች። አባዬ ሱቅ ውስጥ የሆነውን ደጋግሞ ተረከልኝ፤ ሻጩ "አባባ፣ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ከላይ ያሉትን ይውሰዱ" ሲለው፣ እሱ "አይ ልጄ፣ አንድ አይደሉም" ብሎ ሶስት ክምር እንዳስወረደው። መሰላል ላይ ወጥቼ በፓኔሎቹ ስር አየሁ። የተሰሩበት ሳምንት ተጽፏል፤ እነዚያው ሁለት ሳምንታት ናቸው። ኃይላቸውን ለካሁት፣ ሙሉ ነበር። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ግን ወርጄ የሁለቱን ፊት ሳይ መሰላሉን ወደ ቦታው መለስኩት። ምናልባት ይቆዩ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ፤ እነዚያን ፎቶዎች ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ራሱን ሲሸነግል አስቡት።

አራት ወር ቆዩ። በአምስተኛው ባትሪው ከሰዓት በኋላ ማለቅ ጀመረ። በሰባተኛው፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን ማሽኑ ከአራት ሰዓት በላይ አይሰራም ነበር። እማዬ ሰዓቱን በልክ ትካፈለው ጀመር፤ ጠዋት ሁለት፣ ከምሳ በኋላ ሁለት። በመሃል ከንፈሯ እየጠቆረ፣ ትከሻዋ በያንዳንዱ ትንፋሽ እየተነሳ ትጠብቃለች። አባዬ ጥፋቱ የአቧራ መስሎት በየማለዳው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ጣሪያ ይወጣል። ጎረቤት ሁሉ የፓኔሎቹ አሽከር ብሎ ይቀልድበት ነበር።

"ጋራንቲ አላቸው፣ አመልክት" አልኩት። የአስር ዓመት ጋራንቲ መሆኑን ሲሰማ እንኳን ፊቱ አልተፈታም። "ያንቺን ስራ ልክሰስ?" አለ። እማዬን ሲያያት ግን አመለከተ።

ባለሙያ ተልኮ ከስምንቱ ሁለቱን ነቅሎ ወደ ፋብሪካው አመጣቸው። የተሰጡትም ለእኔ ነው። የአባቴን ፓኔል በራሴ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ፎቶ አነሳሁት፤ ግማሹ ሴል ጨልሟል። ፎቶውን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ወደ ጭነት ቢሮ ሄድኩ። አየውና መልሱን ከጋራንቲው ደንብ ላይ አነበበልኝ። ፓኔሉ ሲወጣ ጤነኛ እንደነበር ማህተሙ ይመሰክራል፤ ስለዚህ የተሰነጠቀው ከተሸጠ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ደንበኛው ረግጦታል።

"ደንበኛው አባቴ ነው" አልኩት።

ወረቀቱን አስቀመጠው።

"ያኔ ያነሳኋቸው ፎቶዎችስ?"

"ኮምፒውተሩ ከስድስት ወር በላይ አያስቀምጥም። ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ያኔውኑ መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ተናግሬ ቢሆን ፎቶዎቹ ነበሩ። ይህቺ ነገር እስከዛሬ አንጀቴን ትበላዋለች።

"እያየሁ ነው ያተምኩት ብዬ ፈርሜ እሰጥሃለሁ።"

"ጻፊው፣ አልከለክልሽም።" ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ግን ያንን ከተቀበልኩ የሁለት ሳምንቱን ምርት ሁሉ መመለስ ነው። ሁለት ሺህ ፓኔል! ፋብሪካው በወሩ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ለአባትሽ ፓኔል የሚተካላቸው ማን ነው?"

ቢሆንም ጻፍኩት። የመዝገብ ቤት ሰራተኛዋ ተቀበለችኝ፣ "ገቢ" የሚል ማህተም መታችበት፣ ፋይል ውስጥ ከተተችው። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ "አልተመራም" ትለኛለች። ከራሴ ደሞዝ ልግዛ ብዬ አሰላሁት፤ አንድ ፓኔል በሶስት ወር፣ ስምንቱ በሁለት ዓመት። እማዬ ሁለት ዓመት የላትም። ጓደኛዬ አሁንም አጠገቤ ትሰራለች፤ ማንም አላባረራትም። እኔ የፈራሁት ነገር እሷን ሲነካት አላየሁም።

ጋራንቲው አይመለከትህም የሚለው የፋብሪካው ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ ለአባዬ ደረሰ። እሁድ ረፋዱ ላይ ስገባ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጨርቁ ገመድ ላይ ደርቋል። መብራት የለም፤ ሰማዩም ዳምኗል።

"እኔ ነኝ" አለኝ ሰላም እንኳን ሳይለኝ።

"ምኑ?"

"ተረግጧል ብለዋል። እውነታቸውን ነው። የሆነ ቀን ጣሪያው አንሸራቶኝ በጉልበቴ አንዱ ላይ አርፌያለሁ። እጄንም ስንት ጊዜ ተደግፌባቸዋለሁ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። በገዛ እጄ..." አልጨረሰውም።

"አባዬ፣ ስማኝ። ስምንቱንም እንዴት አድርገህ ትረግጣቸዋለህ? አንተ አይደለህም። ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰነጠቁ ናቸው። እያየሁ ነው ያተምኳቸው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ በልቤም ተቆጣ፣ ምታኝ እያልኩ ለመንኩት። እሱ ግን ገና ልጅ ሳለሁ ስታመም የሚያየኝን አስተያየት አየኝ።

"እኔን ለማጽናናት ብለሽ ስራሽን አታዋርጂ" አለኝ።

"ማጽናናት አይደለም! አለቃዬ አትሚ አለኝ፣ ፈራሁ፣ አተምኩ! ጓደኛዬ እምቢ አለች፣ እኔ እሺ አልኩ! ፎቶው ላይ ስንጥቁን በዓይኔ በብረቱ እያየሁ!" እየጮህኩ ነበር። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

"በቃ፣ በቃ የኔ እናት።" ተነስቶ ጀርባዬን እያሻሸ አባበለኝ። "እኔ ልጄን አላውቃትም? አንቺ እንደዛ አታደርጊም።"

ከቤት ውስጥ የማሽኑ ማንቂያ ጮኸ። ባትሪው አልቋል። ተያይዘን ገባን። እማዬ የቱቦውን ጫፍ ከአፍንጫዋ ራሷ አውጥታ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ወደፊት አጎንብሳ ትተነፍሳለች። እንድትናገር ጊዜ የሚሰጣት ትንፋሽ አልነበራትም፤ ተቀመጡ በሚል ምልክት አልጋውን አሳየችን። አባዬ መስኮቱን ከፈተና ከጎኗ ሆኖ በደብዳቤው ያራግብላት ጀመር።

ደመናው እስኪያልፍ መጠበቅ እንጂ ሌላ የምናደርገው አልነበረም። እጇን ያዝኩ፤ ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። አባዬ ማራገቡን ሳያቆም፣ እማዬ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"ነገ ስራ ስትገቢ" አለኝ፣ "አለቆችሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ደህናውን ዕቃ ያበላሸው እሱ ራሱ ነው በያቸው። በእኔ የተነሳ በክፉ ዓይን እንዳያዩሽ።"

"እሺ አባዬ" አልኩት።