ሃያ ሰባተኛው ሰርግ

ስልሳ አራት ሰርግ ሰምቻለሁ፤ ከአንዱም አልበላሁም።

እትዬ ዓለምጸሐይ ኦስሎ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት የሰርግ ዘፈን አውጪ ነበረች። እሷ ታወጣለች፣ አዳራሹ ይቀበላል። ባሏ ጋሽ ራጉኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየሰርጉ ቴፕ ይዞ ይሄድና ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ይቀዳ ነበር። ካሴቶቹ ሞርተንሩድ ሰፈር፣ የሕንፃቸው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከክረምት ጎማና ከተሰበረ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ጋር ስንት ዓመት ከረሙ። አምና የእንቅርት ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ድምጿ ሄደ። የተረፋት ሹክሹክታ ነው። በዚያ ሹክሹክታ ነው "ናታሊዬ፣ እነዚያን ነገሮች እስቲ አንድ መላ በያቸው" ያለችኝ።

መላ አልኳቸው። ማንም አላስተማረኝም። የአማርኛ ፊደልንም ቢሆን እዚሁ ተወልጄ፣ ከሱቅ የሽሮ ከረጢት ላይ እያነበብኩ ነው የለየሁት፤ ካሴት አያቅተኝም። ሻጋታውን በጥጥ መጥረግ፣ የላላውን ክር በእርሳስ ማጠንጠን፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት። ጠዋት ቢየርቪካ ሰፈር የሰው ቢሮ አጸዳለሁ፣ ከሰዓት የሰው ሰርግ እሰማለሁ። የዘጠና ደቂቃ ካሴት የሚገባው በዘጠና ደቂቃ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ውስጥ እልልታ ይጮሃል፣ እግሬ ደግሞ የለም።

ካሴቶቹን ሊረከብ የተስማማው ሴንትሩም፣ መሀል ከተማው ላይ፣ ያለ አንድ የሙዚቃ መዝገብ ቤት ነው። የሚያነጋግረኝ ክርስቲያን ይባላል፤ ሰላም ሲል እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ኖርዌጂያዊ። በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪልኝ አለኝ። በሙሽሮቹ ስም ነው የምደረድረው አልኩት፤ የእኛ ሰው ሰርጉን ሲያነሳ "የእነእከሌ ሰርግ" ይላል እንጂ ቀኑን አያስታውስም። ጻፈው። እሱ ግን አንድ ነገር አልለቀቀም፤ አንድ ካሴት ለሕዝብ እንዲከፈት ስማቸው የተጠራው ሙሽሮች ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ወረቀቱን ሳምቲኬ ይሉታል፣ ፈቃድ ማለት ነው።

ከስልሳ አራቱ ሃያ ሦስቱ ተፋተዋል።

ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ ተሳደብኩ። አንዱ የእሷን ስም ቆርጠሽ የእኔን ብቻ ተይልኝ አለኝ። ቴዎ የሚባለው ደግሞ ሁለተኛ ሚስቴ ብትሰማስ ብሎ ፈራ፤ በሁለተኛዋም ሰርግ ላይ የዘፈነችው እትዬ ዓለምጸሐይ ናት፣ እሱንም ይዤዋለሁ ስለው ፈረመ። ላንገራገረ ሁሉ የማቀርበው አንድ ስብከት ነበረኝ፤ ይህ የእናንተ ትዳር ጉዳይ አይደለም፣ የአንድ ሴት የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፣ ኩርፊያችሁን ዋጡ እላለሁ። ይሠራል። በሁለት ወር ውስጥ ከአንዱ ካሴት በቀር የሁሉም ፊርማ ተሟላልኝ።

ሃያ ሰባተኛው የእናቴና የአባቴ ሰርግ ነው።

መተውም አይቻልም። ጋሽ ራጉኤል ቴፑን ጠረጴዛ ሥር ስለሚያኖረው በሌሎቹ ላይ ጎልቶ የሚሰማው የማንኪያና የወንበር ድምፅ ነው። በዚያን ቀን ብቻ ማይክሮፎኑን ከመብራቱ ጋር አንጠልጥሎታል። እትዬ ዓለምጸሐይ አርባ አልሞላትም፤ ድምጿ ከጣሪያው ሥር ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ሰው ሲቀበላት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ክርስቲያን ሲሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ መጠየቁን ረሳ። ካሴቶቹን ዓርብ ሲረከቡ ይህንን በአዳራሻቸው ሊያሰሙ፣ እሷን ከፊት ሊያስቀምጧት ወሰኑ። እትዬ ዓለምጸሐይ ቀሚስ አሰፋች። አዳራሽ አንድ ጊዜ ሲቀበለኝ ልስማና ከዚያ እግዜር የፈለገውን ያድርግ አለችኝ።

አባቴ በየነ ከበርገን ሆኖ በሦስት ደቂቃ ፈረመ፤ ሲያገባም ሲፈታም ፈጣን ነው። እናቴ ደሃብ ግን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ ካሴቱን ራሱን ከፈትኩላት። ያቺ ግጥም መጣች፤

በረዶው ላይ መጣች፣ እግሯን ሳያዳልጣት፤
አደራህን ሙሽራው፣ ቤትህ እንዳይበርዳት።

አዳራሹ ተቀበለ፣ ከመሀል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ረጅም፣ ምንም የማይሸሽግ ሳቅ። እናቴ አንድ ጫማ በእጇ እንደያዘች ቆመች።

"አጥፊው" አለችኝ።

ስብከቴን ጀመርኩ። ኩርፊያ ብዬ ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

"ስለ አባትሽ አይደለም። ያቺ ሙሽራ ልጅ እንዴት እንደምትስቅ ሰማሻት? ምንም አታውቅም እኮ። ለሰው አላሰማትም። ናይ፣ አይሆንም።"

ከዚያ ሄዳ ድንች መላጥ ጀመረች። እናቴ ናይ ካለች ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኮሙኑም፣ አያስለውጣት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የእናቴን ፊርማ የምፈርመው እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የኮሙኑ ደብዳቤ፤ "አንብቢና የሚሆነውን አድርጊ" ትለኛለች፣ አደርጋለሁ። አሁን ራሷ ስትፈርም እንኳ የእኔን ነው የምትኮርጀው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም እኔ ልክ ነበርኩ።

እትዬ ዓለምጸሐይ ካሴቶቹን በሣጥን ደርድራ ጠበቀችኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ደሃብ ፈረመች?"

"ያ፣ አዎ።"

"ምን አለችሽ?"

"ምን ትላለች፣ ፈረመች።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አኖረችውና ስለ ሥራዋ ታወራኝ ጀመር፤ ሹክሹክታዋን ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ። ድሮ፣ ሰርጉ ነገ ሲሆን ዛሬ ወደ ሙሽሪት ትሄዳለች። ሰው ታስወጣና "ምን ልበል፣ ምን ልተው?" ትላታለች። አንዷ የሟች አባቴን ስም አታንሺ ትላለች፣ ሌላዋ በቁመቴ እንዳትቀልጂ። እናቴ ደግሞ በሰርጓ ዋዜማ ከጸጉር ቤት ስትወጣ በረዶው ላይ በሰው ፊት ተዘርራ ነበር። "እንዳልወደቅኩ አድርገሽ ዝፈኚልኝ" አለቻት። እንደዚያው ተዘፈነ። የሳቀችውም ለዚህ ነው፤ የግጥሙን ምስጢር የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

"ስልኩን አምጪ" አለች ቀጥላ። "በዚህ ድምፄም ቢሆን ላመስግናት።"

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ሥራ ላይ ትሆናለች ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ለውሸት አያንስም። ግን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የተነሳሁ ሰው ነኝ፣ ሁለተኛ ውሸት የምሸከምበት ጉልበት አልነበረኝም።

"እኔ ነኝ የፈረምኩት" አልኳት።

አልጮኸችም፤ ብትፈልግም አትችልም። ወረቀቱን በአንድ ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

"ቅደጂው።"

የነገውን ዝግጅት አስታወስኳት። ይህ ከቀረ የሚሰማው አርባ አንደኛው ነው፤ ግማሹን ሻጋታ በልቶታል፣ ከግጥሟ ይልቅ የሳህን ኳኳታ ነው የሚሰማው። ቀሚሱንም አነሳሁ። ሰው አንቺን በዚያ ሊያስታውስሽ ነው ወይ አልኳት።

"አንቺ ምላሳም፣ ስሚኝ" አለች። "ሙሽራ አትበይ ያለችኝን ብዬ አላውቅም። ድምፅ እያለኝ ያላደረግኩትን አሁን ልጀምር?"

ቀደድኩት። ፊርማዬ፣ ማለትም የእናቴ፣ ለሁለት ተከፈለ።

ክርስቲያን ጋ ደወልኩ። ታሽጎ ሊቀመጥ ይችላል አለ፣ እናቴ እስክትፈቅድ ወይም እስክታልፍ ድረስ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ለነገ አርባ አንደኛውን ያዘጋጃል። ዝርዝሩን አውጥቼ ከሃያ ሰባት ቁጥር ጎን "ዝግ፣ ደሃብ በሕይወት እስካለች" ብዬ በአማርኛም በኖርዌጂያንም ጻፍኩ። ሌላው ሁሉ "ክፍት" ይላል። ሁለት ወር የለፋሁበት ያማረ ዝርዝር፣ ያችኛዋ መስመር ላይ ስደርስ ዓይኔን አነሳሁ።

"እናትሽ ጤነኛ ናት?" አለችኝ እትዬ ዓለምጸሐይ።

"እንደ በቅሎ።"

"እሰየው። እንግዲያ እኔ አልደርስበትም። አንቺ ትደርሻለሽ፤ ያኔ ሄደሽ ስሚልኝ።"

ሣጥኑን ልዘጋ ስል እጄን ያዘችኝ። ሃያ ሰባተኛው ካሴት ከግማሽ ላይ ቆሟል፤ እናቴ አጥፊው ያለችበት ቦታ ላይ። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ ወስዳ ቀዳዳው ውስጥ ሰካችና ወደ መጀመሪያው ታጠነጥን ጀመር፤ ለሚከፍተው ሰው ከመነሻው ይሁንለት ብላ። በማሽኑ አንድ ደቂቃ አይፈጅም አልኳት። አልሰማችኝም፣ ወይም ሰምታ ተወችው። ጣቷ በደከመ ቁጥር እያረፈች፣ በቀስታ ታዞረዋለች። እኔ ኮቴን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። የምሄድበት ባቡር አለፈ፣ ቀጥሎም ሌላ።