ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

አደይ ፋጥማ ያላጠፋችውን ጥፋት አመነች፤ ያመነችውም አንድ ቃል ሳትናገር ነው።

ኖርዌይ ውስጥ፣ ሮመን አካባቢ ባለ የቋሊማ ፋብሪካ አብረን እናጸዳለን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በትምህርቴ የሚቀጥረኝ ያጣሁ ነኝ። እሷ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ የእናቴ እኩያ ናት፤ «አደይ» የምላትም ለዚህ ነው። በዚያ ሳምንት ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን ነበር።

አለቃችን ኦድቫር ከሥጋ መፍጫው ውስጥ የተቦጫጨቀ ስፖንጅ አገኘ። በላስቲክ ይዞት መጥቶ፣ ያንቺ ነው ወይ አላት። የሰሜን አነጋገሩ አይገባትም፤ ስፖንጁን ግን አየች፤ ደንግጣም ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። በኦድቫር አገር፣ በሰሜን ኖርዌይ፣ እንዲያ መሳብ «ያ»፣ አዎ ማለት ነው። እሱም አዝኖ መልሶ ሳበና ሄደ።

«ምስኪን፣ እሱም ደንግጧል» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ጥፋቷን ስላመነች ቋሚነቱ እንደቀረባት ሰማን። እጇን ይዤ ቢሮው ወሰድኳት። የእሷ ሥራ ወለሉና ሳጥኖቹ እንደሆኑ፣ መፍጫውን ነክታው እንደማታውቅ ነገርኩት። ራሷ አምናለች አለ። ትንፋሿን የሳበችው ደንግጣ ነው አልኩት። በእናንተስ አገር ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ባይጠይቀኝ ይሻል ነበር፤ በእኛም አገር አዎ ማለት ነው።

ሌላ መላ አልታየኝም። ወደ ፋጥማ ዞሬ በአማርኛ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የአሳማውን ቋሊማ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ ይልሻል» አልኳት።

ፋጥማ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት እስኪነሳ ድረስ ሳበች።

ያልኳትን ስተረጉምለት ኦድቫር ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ፋጥማ አሳማ እንደማትቀምስ የማያውቅ ሰው ፋብሪካው ውስጥ የለም። ስፖንጁን እንደገና አንስቶ፣ ቀስ እያለ ጠየቃት፤ በአፍሽ መልሺልኝ ብሎም ለመናት።

«ናይ» አለች፣ በእነሱ ቋንቋ አይደለም ማለቷ ነው። «እኔ ወለል ነኝ።»

እንግዲያው ቦታው ያንቺ ነው፣ የስፖንጁን ባለቤት ሌላ ዘንድ እፈልጋለሁ አላት። አመሰገነችውና በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አሳማውን ያመጣው እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ ለዚህ ነው?»

ከንፈሯን የራስ ሻሿ ጫፍ ውስጥ ደበቀች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወጣችና በሩን እኔና ኦድቫር ላይ ዘጋችው።