ጣና ዳር የተበላ ሽሮ

በጥቅምት አጋማሽ፣ መንገዱ ገና ሰላም በነበረበት ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው አቶ ይታያል ከሚስቱ ጋር ምሳ ለመብላት ቆርጦ ተነሣ። ለዚሁ ሲባል ሱቁ ተዘጋ፣ ሙሉ ልብስ ተለበሰ፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የአውቶቡስ ትኬት ተቆረጠ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ሩፋኤልም፣ ለምስክርነት ይሁን ለበረከት ሳይለይ፣ አብረው እንዲሄዱ ተደረገ።

የይታያል ሚስት የብርጓል ከሐምሌ ጀምሮ ሉማሜ እናቷ ቤት ናት። ሽማግሌዎች ሄደው ጠይቀዋታል። መታሽ? አልመታኝም። ይጠጣል? አይጠጣም። ሌላ ሴት ይዟል? አልሰማሁም። ታዲያ ምን አደረገሽ ቢሏት፣ «በልቶ ይመጣል» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነ።

እውነቷን ነው፤ በልቶ ይመጣ ነበር። ምሳውን ከጓደኞቹ ጋር ሥጋ ቤት ይበላል፣ እራቱንም እንደዚያው። እሷ አቅርባ፣ ከድና ትጠብቃለች። ሲገባ ክዳኑን ለወጉ ገለጥ ያደርግና አልራበኝም፣ አንቺ ብዪ ይላል። ልጃቸው ሂዊ አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ የብርጓል ብቻዋን ስትበላ ኖረች። ለሽማግሌዎቹ ግን ይህን ሁሉ አላስረዳችም። አንድ ጊዜ ተናገረች፣ ሳቁ፣ በቃ።

ሎጁን የመረጠችው ሂዊ ናት። ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ውስጥ የተሸሸገ ነው። ሰው ጸጥታ ካገኘ ይታረቃል ብላ ሁለት ክፍል ያዘችላቸው። የብርጓል አባ ካሉ እሄዳለሁ፣ ከሌሉ ግን አታድክሙኝ አለች። ቅዳሜ በጠዋት ከሉማሜ በሚኒባስ መጥታ ማርቆስ መናኸሪያ ተገናኘቻቸው።

ደንበጫ ላይ ይታያል በአውቶቡሱ መስኮት የተቀቀለ እንቁላል ገዝቶ አቀበላት። እሷ ጽጌን ይዣለሁ አለችው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ የወደደ ይጾመዋል፣ ያልወደደ አይጠየቅበትም። የብርጓል በትዳር ዘመኗ ይዛው አታውቅም። ይህን ከእግዚአብሔር በታች የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራዋ ተቀምጠዋል። ይታያል እንቁላሉን ከኋላ ላለ ሰው ሰጠና፣ እኔም ይዤዋለሁ አለ። እሱ እንኳን ጽጌን ሁዳዴንም ሰበብ ፈልጎ የሚገድፍ ነው። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሁለቱንም አዩዋቸው።

«ያበርታችሁ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ባሕር ዳር ሲደርሱ ባጃጅ ያዙ። ባጃጁ መሄጃ ሲያጣ ወርደው በእግራቸው፣ በማንጎው ሥር፣ በደንገሉ ዳር ዳር ሄዱ። በክፍሉ አልጋ ላይ ፎጣ እንደ ወፍ ተጣጥፎ፣ ሁለቱ ወፎች አፍ ለአፍ ገጥመው፣ ዙሪያቸውን የጽጌረዳ ቅጠል ተበትኖ ጠበቃቸው። የብርጓል በሩ ላይ ቆማ አየችና፣ በጾም አልጋ ይለያል አለች። ቄሱም ይለያል አሉ። እሷ የቄሱን ክፍል ወሰደች፣ ወፎቹ ለወንዶቹ ደረሱ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል የአበባውን ቅጠል ለቅመው ብርጭቆ ውስጥ አደረጉት።

አስተናጋጇ መሲ ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለት አለን ብላ ደረደረች። ሦስቱም ሽሮ አዘዙ። መሲ እዚህ ድረስ ለሽሮ ነው የመጣችሁት ለማለት ዳድቷት ቄሱን አይታ ተወችው። ሽሮው እንደ ሎጁ ደንብ ለየሰው በየሰሃኑ መጣ። ይታያል በሦስቱ ሰሃኖች ላይ ዓይኑን አንከራተተ። ከዚያ የራሱን ስቦ በላ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቄሱ ጸሎት አለብኝ ብለው፣ ውዳሴ ማርያማቸውን ይዘው ከዛፉ ወዲያ ራቁ። ባልና ሚስቱ ውኃው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የብርጓል ጫማዋን አውልቃ እግሯን ነከረች። ከወጥ ቤቱ የሚጠበስ ዓሣ ሽታ መጣ። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣

«ርቦሃል?» አለችው።

ርቦታል። ጾመኛ መሆኑን እንድታይለት ፈልጎ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ኧረ እኔ ምንም አልራበኝም።»

የብርጓል እግሯን ከውኃው አወጣች። በነጠላዋ አደረቀች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ብርዱ ጀመረ ብላ ተነሣች። በኋላ ይታያል ያቺን ሰዓት ደጋግሞ ያስባታል። አዎ ቢላት ኖሮ ዓሣ ይታዘዝ ነበር፤ በአንድ ሰሃን፣ አባ ሳይመለሱ። አባም እንደሆኑ ጸሎቱን ያለ ልማዳቸው ያን ያህል ያስረዘሙት ለዚያው ነበር።

እሑድ አስቀድሰው፣ ባገኙት አውቶቡስ ተሳፈሩ። እንጅባራ ላይ ለምሳ ወረዱ። ይታያል ቀድሞ ምግብ ቤት ገባና በያይነቱ ለሦስት ሰው፣ በአንድ ትሪ አድርጉት ብሎ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ትሪው መጣ። የብርጓል አልመጣችም። ወገቧን ልታፍታታ ይሆናል አለ ይታያል። ቄሱ ይሆናል አሉ። እጃቸውን ትሪው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መባረክ ጀመሩ። ቡራኬው አላልቅ አለ። ይታያል ቀና ሲል፣ እሳቸው ቀድመው ያዩትን አየ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ሥጋ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ የብርጓል ብቻዋን ተቀምጣ ሸክላ ጥብስ ትበላለች።

ተነሥቶ ተሻገረ። አጠገቧ ቆመ። አልደበቀችም፣ አልደነገጠችም። የያዘችውን ጎርሳ፣ አላምጣ፣ ውጣ ጨረሰች። ብዙ ሊላት ነበር የመጣው፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ጾሙስ?»

«አንተም ተወው፣ ይታያል» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ሂድ ከአባ ጋር ብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ማርቆስ ስንደርስ እኔ ቤት አልገባም፣ በዚያው ወደ ሉማሜ ነኝ።»

ይታያል ወንበር ሳይስብ እንደ ቆመ ቀረ። በማዶው መስኮት ቄሱ ትሪው ፊት፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ ወደዚህ ያያሉ። የብርጓል አስተናጋጁን ጠርታ እንጀራ አስጨመረችና መብላቷን ቀጠለች።