የሞላልኝ ባዶ ሚክሰር

ሞላልኝ ኪቦርዱን ታቅፎ በሰው አገር ከሃግሴትራ ሰፈር ቴንስታ ሰፈር በባቡር የሚመላለስ ዘፋኝ ነው፤ መኪና የለው፣ ከባድ የሚሸከም ወገብም የለው። ያ የማይኩንና የኪቦርዱን ድምፅ የሚያደባልቅለት አሮጌ ሚክሰሩ ደግሞ አሥራ ስድስት ቀዳዳ አለው፣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ባለፈው አንድ ክርስትና ላይ፣ እስክስታው ጦፎ ሳለ ጭሱን ቡልቅ አድርጎ ሞተ። ሰዉ ትከሻውን እንደሰበቀ ቀረ! ወሬው በየሰዉ ኖኪያ ስልክ ዞሮ በማግስቱ ኪስታ ሰፈር ደርሷል።

አሁን ደግሞ የእትዬ ብርቅአየሁ ልጅ ቀለበት ልታስር ነው። እትዬ ብርቅአየሁ እቅጩን ነገሩት፤

"ቀለበቱን አሳምረህ ከተጫወትክ የሐምሌው ሠርግ ያንተ ነው። ካንጫጫህብኝ ግን ደምመላሽን እጠራለሁ።"

ደምመላሽን! ያንን በራሱ መኪና ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ጭኖ የሚዞረውን!

ሞላልኝ ከተማ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ጸጉሩን ወገቡ ድረስ የለቀቀ ፈረንጅ ነው።

"ስንት ናችሁ?" አለው።

"እኔና ክራር የሚመታው ሕሩይ።"

"ታዲያ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ምን ያደርግልሃል?" ብሎ የምሳ ዕቃ የምታክል ሚክሰር አወጣለት።

"ኢኮ አላት?"

"አላት።"

መቼም ድምፁ በኢኮ ካላስተጋባ የኛ ሰው ዘፈን አይለውም። ዋጋዋ ዘጠኝ መቶ ክሮነር፣ አያያዟ በብብት። ገዛት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ልደታ አይታ በሳቅ ፈረሰች። "ካልኩሌተር ይዘህ ነው እትዬ ብርቅአየሁ ፊት የምትቆመው?"

እውነቷን እኮ ነው። የኛ ሰው ዘፈኑን ሳይሰማ የሚክሰሩን ቁልፍ ይቆጥራል። ሞላልኝ አሰበ አሰበና የሞተውን ሚክሰር ፈቶ ሆዱን ዘረገፈው፤ ቀፎው ቀለለ። የቀለበቱ ቀን ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ ጉብ አደረገው፣ ሽቦው ሁሉ የተሰካባትን ትንሿን ከጠረጴዛው ጨርቅ ስር ሸሸጋት።

ገና አንድ ዘፈን ሳያልቅ ከታዳሚው ጋሽ አሳምነው ጆሯቸውን ይዘው መጡ። "ኧረ ቀንሰው፣ ልትገድለን ነው!"

"እርስዎ ይቀንሱት ጋሼ፣ ያቺን ቀይዋን ቁልፍ።"

አዞሯት። "እሰይ! አሁን ሰው ሆነ!"

እሳቸው ዞር ከማለታቸው ልጃገረዶቹ መጡ፤ "ጨምረው!" "እናንተው ጨምሩት" አላቸው። ያቺኑ ቀይ አዙረው እየጨፈሩ ሄዱ። ከዚያማ ሰልፍ ሆነ። ሞላልኝ ሳቁ እየመጣበት ሁለት ስንኝ ዋጠ።

በመጨረሻ እትዬ ብርቅአየሁ ራሳቸው መጥተው ቁልፉን ሁሉ አሽከረከሩት። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ከሚክሰሩ ኋላ አዩ፤ አንድም ሽቦ አልተሰካበትም። ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። ሞላልኝ ዘፈኑን አቋረጠ፤ ሕሩይ ብቻውን ክራሩን ይመታል።

እትዬ ብርቅአየሁ ጆሮው ስር ተጠጉ። "አሁን እኔ አዙሬ የጨመርኩት የባስ ድምፅስ?"

"እ... ጥሩ ነበር እትዬ።"

"ውሸታም!" ብለው ክንዱን ቆነጠጡት።

ይኼኔ የሙሽራው እናት፣ ወይዘሮ ተጂቱ መጡና አንዷን ቁልፍ ጠምዘዝ አድርገው፣ "አሁን ጠራ" እያሉ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። እትዬ ብርቅአየሁ ጨርቁን ቀስ ብለው መልሰው ሸፈኑት።

"ስማ" አሉት፣ "ያ ደምመላሽ አንድ ቁልፍ አያስነካም፤ ሁልጊዜ ጠብ ነው። ሠርጉ ያንተ ነው። ግን ሌላ ባዶ ሚክሰር ፈልገህ ጨምር፤ የሙሽራው ወገን ብዙ ነው፣ አንዱ አይበቃቸውም።"