የክኒኑ ጭቅጭቅ

በያጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ለጥቂት ከተረፈ ወዲህ፣ የምትከታተለው ሐኪም የሚጥል በሽታ እንዳይከተለው ትሰጋ ነበር። ሚስቱ ደግሞ የደም ግፊት ክኒኑን ሳይውጥ ከቤት አታስወጣውም ነበር። እሱም «አይ ጨቅጫቃ!» እያለ ይውጣል።

ዘንድሮ ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሟ፣ «አንድ ጥናት አነበብኩ» አለቻቸው። «እንዲህ ዓይነት የግፊት መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ አነስ ብሎ ታይቷል። እርስዎን የጠበቀዎት እሱ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም።»

በያጁ የብረት ፍንጣሪ የጠባበሰው እጁን በሚስቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

«እኔ የማውቀው ያስዋጠችኝን ነው» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ጨቅጫቃ።»

«ሰው ፊት ታመሰግነኛለህ፣ ቤት ስንገባ ታኮርፈኛለህ» ልትለው አፏን ከፈተች፤ ዕንባዋ ቀደማት። ሐኪሟም የጀመረችውን ማዘዣ ትታ ጠበቀቻቸው።